ቀድሞ የገባ ይለፍ

ልብስ ሰፊዋ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከዳቦ ቤቱ ጓሮ ብቅ ስትል የገዛ መኪናቸው ጭራ ኩርባው ላይ ሲታጠፍ አየች። ፍሬቻው በሥርዓት ብልጭ ድርግም ይላል። ሌባ ነው እንዳትል፣ ማንም በሌለበት መንገድ ላይ ፍሬቻ የሚያበራ ሌባ የለም። ባሏ ነው።

"ኧረ! ኧረ አንተ ሰውዬ!"

ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቅላ አስር እርምጃ ያህል ሮጠች። ትንሿ ነጭ መኪና ግን ወንዙን ተከትላ ከአኻያ ዛፎቹ ጀርባ ተሰወረች። የሞተሯ ድምፅ ጥቂት ቆይቶ ጠፋና የውሃው ድምፅ ቀረ።

መንገዱ ዳር ጎማ ደግፎ የቆመው ጎሚስታ አፉን ከፍቶ ያያታል።

"እናቴ፣ እርስዎ ከእሳቸው ጋር ነበሩ እንዴ?"

"ሚስቱ ነኝ!"

"የጋሼ ደቂቃ ሚስት?" ጎሚስታው ጎማውን ለቀቀው። ጎማው ተንከባሎ ሄዶ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። "ወይኔ ጉዴ! እኔ ነኝ ያስነሳኋቸው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ በዚህ መንገድ ላይ ሃያ ሰባት ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። "ደቂቃ" የሚለውን ስም ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ለእረፍት ሲቆም "አስር ደቂቃ!" ብሎ ይጮኻል፤ አስራ አንደኛዋን ደቂቃ ለባለሥልጣንም ለሙሽራም ጠብቆ አያውቅም። ከቦታው የሚያስነሳው አንድ ነገር ብቻ ነው። ረዳቱ ተሳፋሪውን ቆጥሮ ሲጨርስ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ አውቶቡሱ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከመታ ይቆማል። ሃያ ሰባት ዓመት በዚህ ሕግ የኖረ እግር ጭንቅላትን አያማክርም። ጎሚስታው ደግሞ የድሮ ደንበኛውን በቤት መኪና ሲያየው ደስ ብሎት፣ ሰላም ልበለው ብሎ ጣሪያውን መታ መታ አደረገ። ሁለት ጊዜ።

"ዘወር ብለው እንኳ አላዩኝም እኮ!" አለ ጎሚስታው እጁን እንደ ጥፋተኛ እያየ። "ሰዓታቸውን አዩ፣ ማርሽ አስገቡ፣ ሄዱ።"

"ከኋላ ወንበር ሰው አለመኖሩንስ አላየም?"

"ከኋላ ነበር እንዴ የተቀመጡት?"

ከኋላ ነበር፤ ያውም በራሷ ምርጫ። ይህን መንገድ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የምታውቀው በጆሮዋ ነው። ባሏ ጀማሪ ሳለ አለቃው፣ ሹፌር ሚስቱን አሳፍሮ አይሄድም፣ ዓይኑ መስታወቱ ላይ ይቀራል ብሎት ነበር፤ እሱ ደግሞ የአለቃን ቃል የሚያጥፍ ሰው አይደለም። ስለዚህ አንድ ቀን እንኳ አላሳፈራትም። በምትኩ እራት ላይ ይተርክላታል፤ እሷ የሰው ቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘመች ታዳምጣለች። የወፍጮውን ከተማ፣ የጣሪያ ሸክላ ሠሪዎቹን ከተማ፣ ሦስቱን ኩርባዎች፣ ሁለት መኪና የማያሳልፈውን ጠባብ ድልድይ፣ ከድልድዩ ማዶ ያለውን የብርቱካን አገር ሁሉንም ዓይኗን ጨፍና ትስልልህ ነበር። ከዚያ ከተራራው ጀርባ አዲሱ ፈጣን መንገድ ተከፈተና የአራት ሰዓቱን ጉዞ አንድ ሰዓት ተኩል አደረገው። አውቶቡሶቹ ወደዚያ ዞሩ፤ ባሏም ጡረታ ወጣ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አሮጌው ድልድይ ከሰኞ ጀምሮ ለመኪና ተዘግቶ የእግረኛ ብቻ እንደሚሆን ተነገረ።

"እንግዲህ አሁን ካላየሽው ቀረብሽ" አላት። "ቅዳሜ እንሂድ።"

ዛሬ ጠዋት ሊነሱ ሲሉ የኋላውን በር ከፍታ ልክ ከሹፌሩ ጀርባ ቁጭ አለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ተሳፋሪ ነኝ። አርፈህ ንዳ።"

ከዚያ ወዲያ ደስታዋ ልክ አጣ። እያንዳንዱን ቦታ ከእሱ ቀድማ ትጠራለች። "አሁን የተሰነጠቀው አለት ይመጣል! ይኸው! ያልከኝ ትክክል ነው፣ ልክ እንጀራ እናት ፊቷን ስታዞር ይመስላል!" እሱም አንገቱን ሳያዞር ይተርካል፣ እንደ ልማዱ። ወፍጮው ከተማ ሲደርሱ "አስር ደቂቃ!" ብሎ አቆመ። እሷ እጇን ልትታጠብ ዳቦ ቤቱ ጓሮ ገባች። ጓሮው ግን ወንዙን ያሳያል፤ ስንት እራት ሙሉ የሰማችው የወፍጮው መንኮራኩር እዚያው ፊቷ ላይ ውሃ እየረጨ ይዞራል። ቆማ አየችው። አየችውና ሰዓቱን ረሳች። አስራ ሁለት ደቂቃ ሆነ።

መናደድ ነበረባት፤ ተናዳለችም። ግን ባዶ ወንበር ይዞ ታሪክ እየተረከ ሲሄድ ታያትና ሳቋ አፈናት። ጎሚስታው ሴትየዋ አበደች ብሎ ሳይፈራ አልቀረም።

"ስልክ ልደውልላቸው?"

"ሲነዳ ያጠፋዋል። የኔም ስልክ ወንበሩ ላይ ነው።" ከዚያ ሳቋ ቆመ። እጇ ሳታዝዘው ወደ ደረቷ ሄደ።

እዚያ፣ ቀሚሷ ውስጥ፣ ራሷ የሰፋችው የውስጥ ኪስ አለ። ኪሱ ውስጥ የሦስት ሳምንት ዕድሜ ያለው መንጃ ፈቃድ አለ። ባሏ አያውቅም። አምስት ወር ሙሉ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት መንጃ ትምህርት ቤት ስትሄድ "የአንዲት ደንበኛዬን መጋረጃ ልለካ ነው" ትለው ነበር። መጋረጃው አምስት ወር ሲፈጅ ይሄ ቤት ስንት መስኮት ነው ያለው ብሎ አልጠየቃትም። ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው ነው ያለፈችው፤ ሁለቱንም ጊዜ የጣላት የኋላ ማርሽ ነበር። ወደ ፊት ንጂ በላት እንጂ የትም ትደርሳለች። ወደ ኋላ ግን መሪው ይጠፋባታል፤ ግራ ቀኝ፣ ቀኝ ግራ ይሆንባታል።

ሐሳቧ ዛሬ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ መንጃ ፈቃዷን አውጥታ "ቁልፉን ስጠኝ" ልትለው ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት የሰማችውን ድልድይ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ጊዜ ራሷ ነድታ ማለፍ ፈልጋለች። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ኪሷን ነካች፤ ሦስት ጊዜ ድፍረቷ ከዳት። ልጃቸው ትንሽ ሳለች "እኔም መንዳት ልማር?" ብላው ነበር። እሱ ሳቀ። ክፋት የለውም፣ ከልቡ ነው የሳቀው፤ ግን ለጓደኞቹ ሁሉ ነገራቸውና አንድ ዓመት ሙሉ ሹፌር ባገኛት ቁጥር "እንዴት ነው፣ መሪ ጨበጥሽ?" እያለ ቀለደባት። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያማታል። ዛሬ መንጃ ፈቃዷን ስታወጣ ዳግመኛ ከሳቀ ምን እንደምትሆን አታውቅም።

"ማዶ ሲደርሱ ማየታቸው አይቀርም" አለ ጎሚስታው። "ይመለሳሉ። ወንበር ላምጣልዎትና አረፍ ብለው ይጠብቁ።"

አረፍ ብሎ መጠበቅ። መጠበቅንማ ሃያ ሰባት ዓመት ስታውቅበት ኖራለች።

ይህን ጊዜ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሌላ ጩኸት ተነሳ። ዳቦ ጋጋሪው አርባ ዓመት ያለፈው፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የለበሰ ሰው ነው። ቀኝ እጁ ከክርኑ እስከ ጣቱ በጀሶ ታስሯል። በግራ እጁ ስልክ ይዞ ሰማዩን ይገስጻል።

"ሊነዳልኝ ቃል የገባው አማቼ ቁርስ እየበላሁ ነው ይለኛል! ሰው ቁርስ እስከ አራት ሰዓት ይበላል? ስድስት ሰዓት ላይ ሦስት መቶ ተማሪ ማዕድ ይቀርባል፤ ዳቦዬ እዚህ መኪና ላይ ተጭኖ ይቀዘቅዛል!"

"የት ነው የሚሄደው?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"አዳሪ ትምህርት ቤቱ ነዋ፣ እትዬ። ከድልድዩ ማዶ።"

ከድልድዩ ማዶ።

"እኔ ልንዳልህ።"

ዳቦ ጋጋሪው ከእግር እስከ ራሷ አያት። "መንጃ ፈቃድ አለዎት?"

እጇን ወደ ደረቷ ስትሰድ ሁለቱም ወንዶች በጨዋ ደንብ ፊታቸውን አዞሩ። አወጣችና ሰጠችው። ይህን ወረቀት ከፈታኙ ሌላ ያየው ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። ፎቶው ላይ ሌባ እንዳየች ሴት ዓይኗ ፈጧል።

"ይሄ እኮ የሦስት ሳምንት ነው!"

"ትኩስ ነው። አንተስ ዳቦህን ትኩስ ነው እያልክ አይደል የምትሸጠው?"

"የጋሼ ደቂቃ ሚስት ናቸው" ብሎ ጎሚስታው መሰከረ።

"መንዳት በጋብቻ ይተላለፋል እንዴ?" አለ ዳቦ ጋጋሪው። ሰዓቱን አየ። ዳቦውን አየ። ስልኩን አየ። ከዚያ የመኪናውን በር በግራ እጁ ከፍቶ ከሹፌሩ ጎን ገባና ቀበቶውን አሰረ። ሁለት ጊዜ ጎትቶ መታሰሩን አረጋገጠ።

መኪናው ከፍ ያለ ነው። ጋቢናው ዱቄትና የሞቀ ዳቦ ይሸታል። ወንበሩን ወደ ፊት ሳበች፣ ስፖኪዮውን አስተካከለች፣ ፍሪሲዮኑን ረገጠች። አንዴ ጠፋባት። ሁለተኛው ላይ ተነሳ። ጎሚስታው ሊሸኛቸው እጁን ወደ መኪናው ጎን ዘረጋና ድንገት ትዝ ብሎት ከወገቡ ጀርባ ደበቀው።

"ሁለተኛ የሰው መኪና አልነካም!" ብሎ ጮኸላቸው።

መንገዱ ተከፈተላት። ሌላ የምትለው ቃል አላገኘችለትም። ግራው ተራራ ነው፣ ቀኙ ወንዝ፣ መሃሉ አስፋልቱ የተጣጣፈ ጠባብ መንገድ፤ ልብስ ሰፊዋ መጣፍን ስለምታውቅ አልናቀችውም። ሦስተኛ ማርሽ ስታስገባ መኪናው እፎይ አለ፤ እሷም እፎይ አለች። ከዚያ ከት ብላ ሳቀች።

"ምን ሆኑ?" አለ ዳቦ ጋጋሪው በድንጋጤ።

"ምንም! ደስ ብሎኝ ነው!"

"ደስታውን ቀስ ብለው፣ እትዬ። ከኋላ ዳቦ ነው ያለው።"

የሸክላ ሠሪዎቹ ከተማ መጣ። አንድ መንገድ፣ ከግራ ከቀኝ ቤት፣ የቤቱ ሁሉ ጣሪያ ቀይ። ግቢው ውስጥ ገና ያልተተኮሰው ሸክላ በረድፍ በረድፍ ፀሐይ ይሞቃል። ባሏ እንዳለው ነው። ግን አንድ ነገር አልነገራትም፤ ሸክላው ሲደርቅ የሚሸተውን። ዝናብ የጀመረ ቀን የሚሸት አፈር ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ነግሯት ይህን እንዴት ዘለለው? መስኮቱን ዝቅ አድርጋ በአፍንጫዋም በአፏም ሳበችው። በረንዳ ላይ አንሶላ የምታሰጣ ሴት መሪ ላይ ያለችውን ሴት ስታይ እጇን አውለበለበችላት። ልብስ ሰፊዋ ክላክስ መለሰችላት። ክላክሱ ካሰበችው በላይ ጮኸ፤ ዶሮዎች ተበተኑ።

"ኩርባ!" አለ ዳቦ ጋጋሪው። ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል።

"አውቃለሁ። ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሰፊ፣ ሁለተኛው ጠባብ፣ ሦስተኛው ተንኮለኛ።"

"በዚህ መንገድ ነድተው ያውቃሉ?"

"በየቀኑ" አለችው። አልዋሸችም።

የመጀመሪያውን በሦስተኛ ማርሽ፣ ሁለተኛውን በሁለተኛ ወሰደችው። ሦስተኛው መሃሉ ላይ እንደገና ይታጠፋል፤ ባሏ በሹካ ጫፍ የጠረጴዛው ልብስ ላይ ስሎ አሳይቷታል። እግሯን ከነዳጅ አነሳች፣ ጠበቀች፣ መሪውን መለሰች። መኪናው እንደተገራ በሬ ቀጥ ብሎ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪው ትንፋሹን ለቀቀ።

"ማን ነው ያስተማረዎት?"

"ብዙ ሰው" አለች። ጉንጯ እሳት ሆኗል። አምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ያለ ደስታ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረችና ተወችው። መንገዱን ማየት ይሻላል።

ከዚያ ሸለቆው ጠበበ፣ ወንዙ ጮኸ፣ ድልድዩ ብቅ አለ።

ብረቱ ዝጓል፤ ያም ሆኖ ያምራል። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ መቶ ሜትር ቢሞላ ነው። መግቢያው ላይ ቀለሙ የለቀቀ ሰሌዳ ቆሟል፤ ሳታነበውም ታውቀዋለች። ቀድሞ የገባ ይለፍ። የመንገዱ ሕግ ሁሉ እዚህ ሰሌዳ ላይ ነው ይል ነበር ባሏ። ሰው ካየህ አትግባ፤ ከገባህ አትመለስ። ሃያ ሰባት ዓመት አንድም ቀን ሁለተኛ ሆኖ አልገባም።

ማዶውን አየች። ማንም የለም። ገባች።

ብረቱ ከእግሯ ሥር ዘመረ። በግራ በቀኝ ከአግዳሚዎቹ መሃል ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ታች ይታያል፤ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ቀና ብለው አዩዋት። "እየነዳሁት ነው" አለች ለራሷ። ጮክ ብላ ሳትለው አልቀረችም፤ ዳቦ ጋጋሪው "አዎ፣ እየነዱት ነው፣ እባክዎን ፊት ለፊት ይዩ" አላት።

ግማሹን አልፋ ነበር። ከማዶ መብራቷን የምታበራ የምታጠፋ ትንሽ ነጭ መኪና በሩጫ መጣችና ሳትቆም ድልድዩ ላይ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ ፍሬን ያዘች። ነጯም መኪና ያዘች። አፍንጫ ለአፍንጫ ሊገጥሙ ሃያ እርምጃ ያህል ቀራቸው።

"ምን ዓይነቱ ባለጌ ነው?" አለ ዳቦ ጋጋሪው። "ሰሌዳ አያነብም? ይሁን፣ ወደ ኋላ ይበሉለትና እንገላገል።"

"አልችልም" አለች በሹክሹክታ።

"ምን?"

"ወደ ኋላ አልችልም።"

ዳቦ ጋጋሪው ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ግን ሞተሩን አጠፋች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ እጆቿን መሪው ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ከነጯ መኪና ባሏ ወረደ። ፀሐዩ የዳቦ መኪናውን መስታወት ስለመታው ውስጡ ማን እንዳለ አይታየውም። ኮቱ ተቆልፎ የማያውቅ ቦታ ተቆልፏል፤ ፀጉሩ ቆሟል። ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ እየሮጠ መጣ። ይህ ሰው ሲሮጥ አይታው አታውቅም።

"ወንድሜ! በናትህ ወንድሜ! ቀድመህ ገብተሃል፣ አውቃለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው! ግን ወደ ኋላ በልልኝ! ሚስቴን ጥያት መጥቻለሁ! እዚያ ወፍጮው ጋ ብቻዋን ናት፣ ስልክ የላት፣ ምን የላት! እግርህ ላይ ልውደቅ!"

ልብስ ሰፊዋ እጆቿን ከመሪው አነሳች። ለባለሥልጣን ያልጠበቀው፣ ለሙሽራ ያልጠበቀው፣ ሰሌዳውን እንደ ቃለ መሐላ የሚያከብረው ሰው ነው ለማያውቀው የዳቦ መኪና እግር የሚወድቀው። አንገቷን በመስኮቱ አወጣች።

"አስራ ሁለት ደቂቃ ስለሆነብኝ በራሴ መጣሁ" አለችው።

ባሏ ባለበት ቆመ። አፉ ተከፈተ። አያት፣ መሪውን አየ፣ ከጎኗ የታሰረውን ዳቦ ጋጋሪ አየ፣ ተመልሶ እሷን አየ። አሁን ነው። አሁን ይስቃል ወይም አይስቅም።

አልሳቀም። ቀስ ብሎ ቀረበና በመስኮቱ የእግሯን ቦታ፣ የእጅ ፍሬኑን፣ ማርሹን በዓይኑ ፈተሸ።

"ሦስቱን ኩርባዎች በምን ማርሽ አለፍሽ?"

"በሦስት፣ በሁለት፣ በሁለት።"

"ሦስተኛው ላይ ነዳጅ ሰጠሽ?"

"አነሳሁ፣ ጠበቅኩ፣ መለስኩ።"

ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑ ውሃ አቅርሯል፤ ለመደበቅም አልሞከረ። "ማን ነው ያስተማረሽ?"

"ባለመጋረጃዋ ደንበኛዬ።"

"እኔም እኮ ይሄ ቤት መስኮቱ በዛ ብዬ ነበር" አለ። ከዚያ የሹፌርነቱ ልማድ መጣበትና እጁን አወዛወዘ። "በይ እሺ፣ ትንሽ ወደ ኋላ በይ፤ እኔ እመራሻለሁ።"

"ሰሌዳው ምን ይላል?"

ባሏ ዞር ብሎ ወደ ሰሌዳው አየ።

"ምን ይላል ነው ያልኩህ?"

"ቀድሞ የገባ ይለፍ" አለ ባሏ፣ ትምህርቱን ያልሠራ ተማሪ ሆኖ።

"ማን ቀድሞ ገባ?"

"እኛ ነን፣ ጋሼ" አለ ዳቦ ጋጋሪው ከወዲያ። "ሦስት መቶ ዳቦ ምስክር አለኝ።"

ባሏ ዞሮ ሄደ። ኮቱን አስተካከለ፣ መኪናው ውስጥ ገባ፣ አንገቱን አዞረና በሃያ ሰባት ዓመቱ ያላደረገውን አደረገ፤ ድልድዩን ወደ ኋላ ወጣ። እንደ ክር ቀጥ ብሎ ነው የወጣው። ዓሣ አጥማጆቹ ከታች አጨበጨቡ፤ ለማን እንዳጨበጨቡ ግልጽ አይደለም። ልብስ ሰፊዋ ለራሷ ነው ብላ ወሰደችው፤ ሞተሩን አስነሳችና አለፈች።

አዳሪ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲደርሱ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ነጯ መኪና መንገዱን ሙሉ ከኋላቸው ተከትላለች፤ በስፖኪዮው የባሏን ፊት ታየው ነበር፣ አፉ አንድ ጊዜም አልተዘጋም፣ ለብቻው ይመክራታል። ዳቦው ወረደ። የትምህርት ቤቱ ሹፌር መኪናውን እንደሚመልስለት ሲነግረው ዳቦ ጋጋሪው ግማሽ ደስ አለው፣ ግማሽ ቅር አለው። ስንብት ላይ ሁለት ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት።

"እጄ እስኪድን ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ ይበሉ" አለ። "ድልድዩ ቢዘጋም በአዲሱ መንገድ ዞረን እንመጣለን። የኋላ ማርሹን ግን ይማሩልኝ።"

ባልና ሚስቱ የብርቱካን ዛፍ ጥላ ሥር፣ ከመኪናቸው ጎን ቆሙ። ባሏ ዳቦውን ቆርሶ ሰጣትና የራሱን ሳይነክስ ያዘው።

"ድልድዩ ጋ ስደርስ ስለ ሰሌዳው ነገርኩሽ፤ ዝም አልሽ" አለ። "ስለ ጎርፉ ዘመን ነገርኩሽ፤ ዝም አልሽ። አኩርፋለች አልኩ።"

"በምን?"

"ባለፈው።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ያኔ መንዳት ልማር ስትይ ሳቅኩብሽ። ለሰዎቹ የነገርኳቸው ድልድዩ ጋ ተሰብስበን ነው፤ እዚያ ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ዛሬ ዝም ስትይ ለዚያ ነው ብዬ... ይቅርታ ጠየቅኩሽ።"

"መቼ?"

"ስነዳ ነዋ። ረዥም ይቅርታ ነው፣ እስከ ብርቱካኖቹ ደርሷል። አንቺ ግን ጭራሽ አልመለስሽም። በመጨረሻ ዞር ስል ቦርሳሽና ሹራብሽ ቁጭ ብለው ያዩኛል።"

ልብስ ሰፊዋ በሳቅ ፍርስ አለች። መኪናዋን ተደግፋ፣ ዳቦዋን ደረቷ ላይ ይዛ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እሱም መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ ግን ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ተከተላት። የዛሬው ሳቅ አላመማትም።

"እኔ ግን አልሰማሁትም" አለችው ዓይኗን ጠርጋ። "ድገመው።"

"ሙሉውን?"

"ሙሉውን።"

ደገመው። አጥሯል፤ ግን ዓይኗን እያየ ነው። ሲጨርስ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና መዳፉ ላይ ገለባብጦ አየው።

"በአዲሱ መንገድ ከሄድን ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ቤት ነን" አለ።

ልብስ ሰፊዋ መዳፏን ዘረጋች። "በመጣንበት ነው የምንመለሰው።"

ቁልፉን ሰጣት። እሷ ከፊት ገባች። እሱ የፊተኛውን በር እጀታ ያዘና ተወው፤ የኋላውን ከፍቶ ቦርሳና ሹራቧን ገፋ አድርጎ ልክ ከጀርባዋ ተቀመጠ።

"ከፊት አትመጣም?"

"ተሳፋሪ ነኝ" አለ። "አርፈሽ ንጂ።"

ወንበሩን ሳበች፣ ስፖኪዮውን አስተካከለች፣ አንደኛ ማርሽ አስገባች። ከታች ድልድዩ ባዶውን ይጠብቃል። ባሏ ክንዱን በመስኮቱ አውጥቶ የበሩን ጎን በመዳፉ መታ፤ ሁለት ጊዜ።

ልብስ ሰፊዋ አልተነሳችም። እግሯን ፍሬኑ ላይ እንዳደረገች አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ የኋላውን ወንበር በደንብ አየችው።

"አንድ" ብላ ቆጠረች። ከዚያ ሄደች።